በተራራማ የቱሪስት ከተማ የራሱን ቢራ በሚጠምቅ ምግብ ቤት ምን ይታዘዛል? መቼስ መሄድ ይሻላል?

ጥያቄ፦ ከመንገደኛ

ጤና ይስጥልኝ። በመጪው ወቅት ከባለቤቴ፣ ከእናቴና ከአንድ ወዳጃችን ጋር ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወደምትገኝ፣ በተራራዋ ምክንያት ጎብኚ ወደሚበዛባት ትንሽ ከተማ ልንሄድ አስበናል። ሁላችንም የምንኖረው በቆላማ ስፍራ ነው። በከተማዋ ስሙ ተደጋግሞ የሚነሣው ቤት የራሱን ቢራ የሚጠምቅ አነስተኛ ምግብ ቤት ሲሆን፣ በፎቶግራፎቹ ላይ የእንጨት ግድግዳ፣ የሚነድ የእሳት ምድጃና ከመስታወት ጀርባ የተደረደሩ የመዳብ ጋኖች ይታያሉ። የጎብኚዎች አስተያየት ግን ለሁለት የተከፈለ ነው። ገሚሱ ሞቅ ያለና ቤተኛ የሚያደርግ ቤት መሆኑን ሲመሰክር፣ ገሚሱ ደግሞ ሰልፉ የሚያሰለች፣ ምግቡም ለቢራው ማወራረጃ ያህል ብቻ የሚቀርብ ነው ይላል።

እኔ ከተለመደው ላገር ቢራ ውጪ ብዙም አላውቅም፤ ባለቤቴ አዲስ ጣዕም መሞከር ትወዳለች፤ እናቴ አልኮል ፈጽሞ አይቀምሱም፤ ወዳጃችን ደግሞ ሥጋም ሆነ ማናቸውንም የእንስሳት ተዋጽኦ አይመገብም። ቢራው በእርግጥ እዚያው የሚጠመቅ መሆኑን በምን ማወቅ ይቻላል? እንደ እኛ የተለያየ ፍላጎት ያለው ቤተሰብስ ምን ቢያዝዝ ይሻለዋል? በደረስንበት ምሽት ለመሄድ አስበን ስለነበር፣ በጊዜውም ላይ አስተያየት ብትሰጡኝ ደስ ይለኛል።

መልስ፦ ከቢራ ጠማቂ

በአነስተኛ የቢራ መጥመቂያዎች ውስጥ ለረጅም ጊዜ ስለሠራሁ በመጀመሪያው ጥያቄዎ ልጀምር። የመዳብ ጋን ለዓይን ያምራል፤ ነገር ግን ማስረጃ አይሆንም፤ ጌጥ ሆኖ ብቻ የቆመም አለና። እውነተኛ ጠመቃ የሚታወቀው ብዙም በማያምሩ ነገሮች ነው። ከታች ሾጠጥ ያሉ የብረት ማብላያ ጋኖች መኖራቸውን፣ ወለሉ እርጥብና ውኃ መውረጃ ያለው መሆኑን፣ በማዕዘን የተጠቀለለ ወፍራም ጎማና የተከመረ የብቅል ጆንያ መታየቱን ልብ ይበሉ። በጠመቃ ቀን ከገቡ ደግሞ የተቀቀለ እህል ጣፋጭ ሽታ ከደጅ ይቀበልዎታል። ከሁሉ የሚቀለው ግን አስተናጋጁን «ከእነዚህ ውስጥ በቅርብ የተከፈተው የትኛው ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። ቢራው የቤቱ ከሆነ አስተናጋጁ ያውቀዋል፤ ካላወቀም ጠማቂውን ጠይቆ ይመለሳል። አንድ ነገር ግን ላክል፤ በዋናው መንገድ ላይ ያለ ቤት ብዙ ጊዜ ጠባብ ስለሚሆን፣ አንዳንዶቹ ቢራቸውን ከከተማው ወጣ ባለ ስፍራ ጠምቀው ያመጣሉ። ይህን በግልጽ እስከነገሩ ድረስ የሚያስነቅፍ አይመስለኝም።

በጥቁር ሰሌዳው ላይ አንዱ የቢራ ስም ተሰርዞ ወይም ተፍቆ ቢያገኙት ቅር አይበልዎት። አንድ አነስተኛ ጋን 1000 ሊትር ቢይዝ በግማሽ ሊትር ብርጭቆ ሲቀዳ 2000 ብርጭቆ ብቻ ነው፤ ጎብኚ በሚበዛበት ሰሞን ደግሞ ይህ መጠን ቶሎ ያልቃል። ሁልጊዜ ሁሉም ነገር ያለበት ሰሌዳ ይልቁንስ ያጠራጥረኛል።

ከፍታው በጠመቃው ላይ የሚያመጣውን ለውጥ ብዙ ሰው አያውቀውም። የከፍታ መጠን በ300 ሜትር በጨመረ ቁጥር የውኃ የመፍላት ሙቀት በአንድ ዲግሪ ገደማ ስለሚቀንስ፣ እርስዎ በሚሄዱበት ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ለቢራ ምሬት የሚሰጠው ሆፕስ የተባለው ተክል ምሬቱን የሚለቀው ከብቅሉ ጭማቂ ጋር ሲፈላ በመሆኑና ሙቀቱ ሲቀንስ ይህ ሂደት ስለሚዘገይ፣ የተራራ ጠማቂ ወይ ረዘም ላለ ጊዜ ያፈላል፣ ወይ ሆፕሱን ይጨምራል። የአየሩ ግፊትም አነስተኛ በመሆኑ በቢራው ውስጥ ያለው ጋዝ ቶሎ ይወጣል፤ ስለዚህ ከለመዱት በላይ አረፋ ቢያዩ ሁልጊዜ የአቀዳድ ጉድለት አይደለም።

ስለ ተራራ ውኃም በየማስታወቂያው ብዙ ይባላል። እንደ ግራናይት ባለ ጠንካራ ድንጋይ ላይ የሚወርድ ውኃ ማዕድኑ አነስተኛ ስለሚሆን ለቀላልና ለጠራ ላገር ይስማማል፤ የኖራ ድንጋይ ባለበት ተራራ ግን ውኃው ማዕድን የበዛበት ይሆናል፤ ስለዚህ «የተራራ ውኃ» መባሉ ብቻውን የሚነግረን ነገር የለም። በ1842 በቦሄሚያዋ ፕልዘን ከተማ ዮሴፍ ግሮል የተባለው የባቫሪያ ጠማቂ ዛሬ ፒልስነር የምንለውን ወርቃማ ላገር ሲጠምቅ፣ የከተማዋ ውኃ ማዕድን የቀለለው መሆኑ ትልቅ እገዛ አድርጎለታል።

ለማዘዝ ሲመጡ ምክሬ አንድ ነው፤ በቤቱ ቀላል ቢራ ይጀምሩ። ብዙ ሆፕስ ወይም የተቆላ ብቅል የገባበት ቢራ ጉድለቱን ሊሸፍን ይችላል፤ ቀላል ላገር ግን የሚደበቅበት የለውም። የቅቤ ወይም የተቀቀለ በቆሎ ሽታ፣ ወይም የሆምጣጤ ዓይነት ኮምጣጣነት ካላገኙበት በሌሎቹም መተማመን ይችላሉ። ላገር ከሌሎች ቢራዎች ቀዝቀዝ ባለ ሙቀት ተብላልቶ ለሳምንታት በቅዝቃዜ ስለሚቆይ ጋን የሚይዝበት ጊዜ ረጅም ነው፤ በጥድፊያ ሰሞን ይህን ትዕግሥት የጠበቀ ቤት ለሌላውም ሥራው ይጠነቀቃል ብዬ አምናለሁ። ባለቤትዎ ደግሞ በትንንሽ ብርጭቆ የተለያየ ቢራ የሚቀርብበትን የቅምሻ ሰሌዳ ይዘዙ፤ ከቀላሉ ወደ ከባዱ፣ ከፈዛዛው ወደ ጥቁሩ እየተሻገሩ ቢቀምሱ አንዱ የሌላውን ጣዕም አያጠፋውም።

መልስ፦ ከወጥ ቤት ሠራተኛ

«ምግቡ ለቢራው ማወራረጃ ብቻ ነው» የሚለው ቅሬታ አንዳንድ ቤት ላይ እውነት ነው፤ በዚያ ከፍታ ምግብ ማብሰል ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ ግን ጎብኚው ብዙም አያስተውለውም። ጠማቂው የጠቀሱት የ92 ዲግሪ ነገር ማብሰያ ቤቱንም ይመለከታል። ባቄላና ምስር ለመብሰል እጅግ ይዘገያሉ፤ ጅማታም ሥጋም እስኪለሰልስ ተጨማሪ ሰዓት ይጠይቃል። ስለዚህ በዝርዝሩ ላይ ለረጅም ሰዓት በቢራ የተቀቀለ ሥጋ ካዩ፣ ጠዋት ተጥዶ የዋለ መሆኑን ይጠይቁ። በደንብ የበሰለው ሹካ ሲነካው ያለ ቢላዋ ይላቀቃል፤ መረቁም ማንኪያው ጀርባ ላይ ይይዛል። በጥድፊያ የቀረበው ግን ላዩ ጠቁሮ ውስጡ እንደ ገመድ ይጎተታል።

ጥብስ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ዘይቱ በከፍታ ምክንያት ሙቀቱ አይቀንስም፤ በድንቹ ውስጥ ያለው ውኃ ግን በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚተን ውስጡ ሳይበስል ላዩ ይቃጠላል። ሥራውን የሚያውቅ ማብሰያ ቤት የዘይቱን ሙቀት ዝቅ አድርጎ ረዘም ላለ ጊዜ ይጠብሳል። እኔ በማላውቀው የተራራ ምግብ ቤት መጀመሪያ የማዝዘው የተጠበሰ ድንች ነው፤ ርካሽ ነው፣ የማብሰያ ቤቱንም ጥንቃቄ ወዲያው ያሳያል።

ከቢራው ጋር ስለማዛመድ ጥቂት ልበል። በቢራ ውስጥ ያለው ጋዝና ምሬት የስብን ክብደት ከምላስ ላይ ያነሣል፤ አይብና ጥብስ ከቀላል ላገር ጋር የሚስማሙት ለዚህ ነው። ቃጠሎ ያለበት ቅመም የበዛበት ምግብ ካዘዙ ግን በጣም መራራ ከሆነው፣ አይፒኤ ከሚባለው ቢራ ይራቁ፤ ምሬቱ ቃጠሎውን ያባብሰዋል፤ ለስለስ ያለ የስንዴ ቢራ ይሻላል። በፍም ላይ የተጠበሰ ሥጋ ከተቆላ ብቅል ከተጠመቀ ጥቁር ቢራ ጋር፣ ጥቁሩ ስታውት ደግሞ ከቸኮሌት ጋር እጅግ ይዋደዳሉ።

ቤቱ ከብቅል አተላ ዳቦ የሚጋግር ከሆነ እንዳያልፍዎት። ከጠመቃ የተረፈው አተላ በብዛት የሚሄደው ለከብት መኖ ቢሆንም፣ ጥቂቱ ተፈጭቶ ከሊጥ ጋር ሲቀላቀል ቡናማና እርጥበት ያለው ዳቦ ይወጣዋል። ሲያኝኩት ጥቃቅን የገብስ ገለባ በጥርስ መካከል ይሰማል፤ ላዩ ላይ የቅርፊቱ ሽታ የተቆላ እህል ይመስላል።

አልኮል ለማይቀምሱት እናትዎ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። «አልኮሉ በእሳት ይተናል» የሚለው አባባል ሙሉ በሙሉ ትክክል አይደለም። በአሜሪካ የግብርና ሚኒስቴር ሠንጠረዥ መሠረት ከምግብ ጋር ተቀላቅሎ ለ30 ደቂቃ ከተንተከተከ አልኮል 35 በመቶው፣ ለሁለት ሰዓት ተኩል ከተንተከተከው ደግሞ 5 በመቶው ይቀራል። ስለዚህ እናትዎ አልኮልን ፈጽመው የሚተዉ ከሆነ፣ የቢራ መረቅ ወይም የቢራ ሊጥ የሌለበትን ምግብ በግልጽ ይጠይቁ። በአንዳንድ አገሮች «አልኮል አልባ» የተባለ ቢራም እስከ 0.5 በመቶ አልኮል እንዲይዝ ይፈቀድለታልና ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ማንበብ አይከፋም። ለወዳጃችሁ ደግሞ ቢራው ራሱ ጥያቄ ሊያስነሣ ይችላል። አንዳንድ ጠማቂዎች ቢራውን ለማጥራት ከዓሣ የአየር ከረጢት የሚሠራ ማጥሪያ ይጠቀማሉ፤ ወተት ስታውት የሚባለው ዓይነት ደግሞ የወተት ስኳር ይገባበታል። ያልተጣራውና ደብዘዝ ያለው ቢራ ብዙ ጊዜ ይህ ችግር የለበትም፤ ቢሆንም መጠየቁ ይሻላል።

መልስ፦ ከጤና ባለሙያ

የምግቡንና የቢራውን ነገር ለባለሙያዎቹ ልተውና፣ «በደረስንበት ምሽት» የሚለውን ሐሳብ እንዲተዉት እመክራለሁ። በ2500 ሜትር ከፍታ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ከቆላ በአንድ ቀን ለወጣ ሰው የራስ ምታት፣ ድካም፣ የምግብ ፍላጎት መቀነስና ማቅለሽለሽ የመጀመሪያዎቹ የከፍታ ሕመም ምልክቶች ናቸው። እነዚህ ምልክቶች ከመጠጥ ማግስት ስሜት ጋር ስለሚመሳሰሉ፣ ማታ ጠጥቶ ያደረ ሰው ጠዋት የሚያመው ቢራው ይሁን ከፍታው መለየት ያቅተዋል፤ በዚህም ምክንያት እርዳታ ሳይፈልግ ይዘገያል። አልኮል በእንቅልፍ ጊዜ አተነፋፈስን ስለሚያዘገይም፣ ሰውነት ከፍታውን እስኪለምድ በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ከመጠጥ መታቀብ ይመከራል።

«በከፍታ ላይ አንዱ ብርጭቆ እንደ ሁለት ይቆጠራል» የሚባለውን ግን በጥንቃቄ ይውሰዱት። ያው መጠን በደም ውስጥ የሚያደርሰው የአልኮል ክምችት በከፍታ ምክንያት አይጨምርም፤ የሚጨምረው ድካሙና የኦክስጅን እጥረቱ ተደምረው የሚፈጥሩት የመክበድ ስሜት ነው።

የቅምሻ ሰሌዳውም ብርጭቆዎቹ ትንንሽ ስለሆኑ ቀላል ይመስላል። አምስት ብርጭቆ በየ120 ሚሊ ሊትሩ ሲደመር 600 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ ይህም ከአንድ ትልቅ ብርጭቆ በላይ ነው። የአልኮል መጠናቸው ከ8 እስከ 10 በመቶ የሆኑ ቢራዎች በሰሌዳው ላይ ካሉ ደግሞ ሒሳቡ ይለወጣል፤ 10 በመቶ የሆነ ሩብ ሊትር ቢራ 5 በመቶ ከሆነ ግማሽ ሊትር ቢራ ጋር እኩል አልኮል ይይዛል። ሰሌዳውን ለሁለት መካፈል ይቻላል። የተራራ መንገድ ጠመዝማዛና በሌሊት በረዶ ሊይዝ የሚችል በመሆኑ፣ መኪና የሚይዘው ሰው ምንም እንዳይጠጣ ከወዲሁ ተነጋገሩ። እናትዎ የልብ፣ የሳንባ ወይም የደም ግፊት ሕመም ካለባቸው ከጉዞው በፊት ሐኪማቸውን ያማክሩ።

መልስ፦ ከአስተናጋጅ

በእንዲህ ዓይነት ቤት ለዓመታት አስተናግጃለሁ። የጤና ባለሙያው ያሉትን ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ፤ ከጠማቂው ጋር ግን በቅምሻ ሰሌዳው አልስማማም። ቤቱ ሲጨናነቅ ሰሌዳው ከቀጅው እጅ እስከ ጠረጴዛው እስኪደርስ ብዙ ይቆያል፤ ባለቤትዎ የመጨረሻውን ብርጭቆ ሲያነሡ ቢራው ሞቆ አረፋውም ጠፍቶ ያገኙታል። በሰው ብዛት ሰዓት ከገቡ አስተናጋጁን አንድ ሁለት ጉንጭ እንዲያስቀምስዎት ይጠይቁና የወደዱትን በሙሉ ብርጭቆ ይዘዙ፤ የቅምሻ ጥያቄ ለእኛ አዲስ አይደለም።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ በተራራ ከተማ ሰው የሚንቀሳቀሰው ተራራውን ተከትሎ ነው። ጠዋት ሁሉም ወደ ላይ ይወጣል፤ ከሰዓት በኋላ የእግር መንገደኛውና የበረዶ ተንሸራታቹ ተያይዞ ይወርዳል፤ የገመድ መኪናው ሥራ ሲያቆም ደጃችን ላይ ሰልፍ ይጀመራል። ያን ጊዜ የሚገባው ደንበኛ የተራበ፣ የረጠበና የቸኮለ ነው፤ ማብሰያ ቤቱም በአንድ ጊዜ ይጥለቀለቃል። በአስተያየቶቹ ላይ ያነበቡት ቅሬታ አብዛኛው ከዚያ ሰዓት የመጣ ይመስለኛል። ምሳ ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ ተራራ የወጣው ከመመለሱ በፊት ያለው ጊዜ ለእንደ እናንተ ዓይነቱ ቡድን ምርጥ ነው፤ ጠማቂው ራሱ ብቅ ብሎ የሚያጫውትዎትም ያኔ ነው። ማብሰያ ቤቱ በመካከል የሚያርፍበት ሰዓት ካለ ግን አስቀድመው ደውለው ያረጋግጡ። ወቅቱ ወዳልሞቀበት ሰሞን ከሄዱ ደግሞ ጸጥታውን ያገኛሉ፤ ነገር ግን የምግብ ዝርዝሩ ያጥራል፣ አንዳንድ ቀንም ቤቱ ጨርሶ ይዘጋል።

ቦታ ሲያስይዙ የሰውን ብዛት ብቻ ሳይሆን አልኮል የማይቀምሱ እናትና የእንስሳት ተዋጽኦ የማይመገብ ሰው እንዳለ ይንገሩ። ማብሰያ ቤቱ ለዚህ ቀድሞ ሲዘጋጅ የሚያቀርበው ምግብ፣ በግርግሩ መካከል ተጠይቆ ሥጋውን አንሥቶ ከሚያቀርበው ፍጹም የተለየ ነው።

የጠያቂው ምላሽ፦ ከመንገደኛ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ምሽቶች በማረፊያችን ቀለል ያለ ምግብ በልተን ልናሳልፍና በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ልንሄድ ወስነናል። መኪናውን የምይዘው እኔ ብሆንም፣ ማረፊያችን ቅርብ ስለሆነ በእግራችን እንሄዳለን፤ ስለዚህ ላገሩን የምቀምሰው ከባለቤቴ ብርጭቆ አይሆንም። አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ፦ እናቴ ብርድ ስለማይወዱ ከእሳት ምድጃው አጠገብ ቦታ ብናስይዝላቸው ጥሩ ነው?

መልስ፦ ከአስተናጋጅ

ከምድጃው ፊት ያለውን ጠረጴዛ ሁሉም ይሻማበታል፤ በእኔ አስተያየት ግን ለረጅም ማዕድ አይመችም። የተራራ አየር በባሕርዩ ደረቅ ነው፤ የእንጨት እሳት ደግሞ ይብስ ያደርቀዋል፤ ፊት ይጋላል፣ ጀርባ ይበርዳል፣ የባለቤትዎም ቢራ ሳይጋመስ ይሞቃል። ከምድጃው ሁለተኛውን ረድፍ፣ ከመግቢያው በርና ከጋኖቹ መስታወት ራቅ ያለውን ቦታ ይጠይቁ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ብርድ ይገባል፤ ከመስታወቱ ጀርባ ያለው ማቀዝቀዣም ስለሚያጓራ በዝግታ ለሚያወሩ ሰዎች ያስቸግራል። ለእናትዎ ሙቅ መጠጥ ገና ሲቀመጡ ይዘዙላቸው፤ ሙቅ ውኃ የያዘ ማንቆርቆሪያም በጠረጴዛው ላይ እንዲቆይ ቢጠይቁ አስተናጋጁ ቅር አይለውም።

መልስ፦ ከቢራ ጠማቂ

ስለ ቅምሻ ሰሌዳው የአስተናጋጁን ሐሳብ ተቀብያለሁ፤ ከሰዓት በኋላ በጸጥታው ሰዓት ከሄዳችሁ ግን ሰሌዳውን ሳትፈሩ እዘዙ፤ ሁለታችሁ ተካፈሉት። ቢራው እጅግ በረዶ እንዲሆንም አትጠይቁ። ላገር ከ4 እስከ 7 ዲግሪ፣ ጥቁሮቹና ከበድ ያሉት ደግሞ ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ሲሆኑ ነው ጣዕማቸው የሚወጣው፤ ስለዚህ ጥቁሩን ቢራ በመጨረሻ ለመቅመስ ጥቂት ቢያቆዩት ምንም አይጎዳም። ጋኖቹን በቅርብ ማየት ከፈለጋችሁ ጠይቁ፤ ጠመቃ በማይካሄድበት ሰዓት ብዙ ቤቶች ያስገባሉ፤ ወለሉ ስለሚያንሸራትት ግን ለእናትዎ ጫማ ይጠንቀቁ።